ለሴት ልጅ ይህ ሁሉ ቅቤ?

በእኛ ቤተ ዘመድ ሰው የሚወለደው ከአንድ መዓት ጋር ተያይዞ ነው። አንዱ «ክፉ ቀን ሲወጣ» ተወልዷል፤ ሌላዋ «ከአድዋ መልስ» ተፀንሳለች፤ ሦስተኛው አባቱ ሰገሌ ላይ ሲወድቅ ዳዴ ይል ነበር። የኅዳር በሽታ፣ ማይጨው፣ የታኅሣሡ ግርግር፣ አብዮቱ... ሀገር ባዘነች ቁጥር አንድ ዘመዳችን ይወለዳል። በደህና ዘመን የተወለደም አይጠፋም ነበር መቼም፤ ግን ማን ያስታውሰዋል?

መዓቶቹ ራሳቸው ቀን አላቸው። ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረበት፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ነው። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፣ እሑድ፣ በጊዮርጊስ ዕለት። ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909። የኅዳር በሽታ ደግሞ በ1911 ሰዉን እንደ ቅጠል ያረገፈው፣ ራስ ተፈሪንም አልጋ ላይ ጥሎ የተነሣው ነው፤ እስከ ዛሬ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ እያቃጠልን ሰፈሩን በጭስ የምናፍነው ለእሱ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ማስረጃ ሞልቷል ትላላችሁ። ግን «ከአድዋ በኋላ» የተባለ ሰው በ1889 ሊወለድ ይችላል፤ በ1899ም ሊወለድ ይችላል። ዘመዶቼ በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ እንደ ልባቸው ይዘዋወሩበታል።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህ ነገር ሰላም ነሣት። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ በኮምፒውተር ልትሠራ ተነሥታ ስም ስታስገባ ምንም አልቸገራትም። ስም እኮ አለን! ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋባም የሚል ሀገር ልጆች ነን፤ አባቴ በልጅነቴ ሰባቱን እንደ ውዳሴ ማርያም አስደግሞኛል። ስሙ በተርታ ይወርዳል። ከስሙ ጎን ያለው ሣጥን ግን ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይላል፤ ከሰባቱ ስም ለአንዱም የሚሞላ የለም። ለሴት አያታችን «በልጅ ኢያሱ ጊዜ» ብላ ብትጽፍለት ሣጥኑ ቀልቶ ቁጭ አለ። ደወለችልኝ።

«ጃንዋሪ 1 ልበለውና ልገላገል?» አለችኝ።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ማዶ ከተሻገረው ወገናችን፣ በተለይ በስደተኝነት ከገባው፣ የተወለደበትን ቀን የማያውቀው ሁሉ በመዝገብ የተወለደው ጃንዋሪ 1 ነው። ወረቀቱን የሚሞላው ሰው ባዶ ቦታ ሲያይ የዓመቱን መጀመሪያ ይለጥፍበታል። ሶማሌውም፣ ሱዳኑም፣ አፍጋኑም እንደዚያው ስለሆነ ዓለም ሙሉ በአንድ ሌሊት ያማጠች ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር ሲታይ ጃንዋሪ 1 ብዙውን ጊዜ ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ጊዮርጊስ ነው፤ ቢያንስ ደህና ቀን ነው የጣሉባቸው። ለአያታችን ግን አልፈቀድኩም። «ተዪው፣ እኔ እፈልገዋለሁ» አልኳት። በጡረታ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሲያገኝ አይተውም።

የመንግሥት መዝገብ አይረዳም ወይ የሚል ሰው ይኖራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደትም፣ ጋብቻም፣ ሞትም በክብር መዝገብ ይጻፍ ብሎ በዝርዝር ደንግጎ ነበር፤ ከዚያ እዚያው ሕግ መጨረሻ ላይ፣ ለጊዜው ይቆይ አለ። ቆየ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው። በመካከሉ ያለነው ትውልዶች በትዝታ ነው የተወለድነው።

አያቴ እርግጥ የቀበሌ መታወቂያ ነበራት። የመጀመሪያው «ዕድሜ 60» ይላል። ከዓመታት በኋላ ሲታደስ፣ ጸሐፊው ቀና ብሎ አይቷት «60» ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ጊዜ ሌላ ጸሐፊ 75 አደረጋት፤ አያቴ በአንድ ጠዋት ወረፋ 15 ዓመት አረጀች። ቁጥሮቹ ሁሉ በዜሮና በአምስት የሚያልቁት በአጋጣሚ አይደለም። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ይህን ጉድ ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች የሀገራችን ሰው 30፣ 35፣ 40፣ 45 ላይ ክምር ብሎ ይገኛል፤ 41 ዓመት የሞላው ሰው ከተገኘ እንግዳ ነው። የመዛባቱ መለኪያም አላቸው፣ የዊፕል መለኪያ ይባላል፤ 100 ከሆነ ሰዉ ዕድሜውን ያውቃል፣ 500 ከሆነ ሁሉም በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ነው የሚናገረው ማለት ነው። የእኛን ቤተ ዘመድ ብቻ ቢለኩት 500ን ያለ ችግር የምንደፍን ይመስለኛል። ለጡረታ የሚቀንስ፣ ለመከበር የሚጨምር፣ ለትዳር የሚያስተካክል ሳይቆጠር ነው ይህ።

አያቴ በ1990 ስታርፍ ሐውልቷ ላይ «1915–1990» ተብሎ ተቀረጸ። ከመጨረሻው መታወቂያ ላይ 75ን ቀንሰው ነው። የሐውልት ጸሐፊ ቁጥር እንጂ ታሪክ አይጠይቅም።

ምስክር ፍለጋ የአባቴ እኅት ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ሰማንያን አልፈዋል፤ ራሳቸው የተወለዱት «ጣሊያን ሲወጣ» ነው። ጆሯቸው ትንሽ ደከም ብሏል እንጂ ማስታወሱን እንደ ጉድ ያስታውሳሉ።

«እትዬ፣ እማማ በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወለዱት?»

«እኔ ምን አውቄ! ጸሐፊ ነኝ?»

ነገሩ እዚያ ላይ ሊያበቃ ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ፣ ወሬው ወደ አማት ዞሮ፣ እትዬ ሳላስበው እንዲህ አሉ፦ «እናቴ ስትወለድ ያች ክፉ አማት ለአራሷ የተሠራውን ገንፎ አየችና ‹ለሴት ልጅ ይህ ሁሉ ቅቤ?› አለቻት። በእንግዳ ፊት! አራሷ እስክትሞት አልረሳችላትም።»

አማቲቱ ከሞቱ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኗቸዋል። አራሷም እንደዚያው። ነገሩ ግን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ፣ የቅቤው መጠን ሳይቀር ተላልፎ እኔ ዘንድ ደርሷል። ያን ጊዜ ነው የጥያቄዬን መንገድ የቀየርኩት። ዓመቱን ትቼ ቂሙን መጠየቅ ጀመርኩ። ማን ነበር? ማን ቀረ? ማን ገንፎውን ሳይበላ ሄደ? እትዬ ፍልቅ ብለው መናገር ያዙ። ዕለቱ እሑድ ነው፤ አማቲቱ ገና ከቤተ ክርስቲያን መግባታቸው ስለነበር ነው «አስቀድሳ መጥታ ክፉ ተናገረች» የሚባልላቸው። ክርስትና የተነሣችው በግንቦት ልደታ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ እየበላ ስለነበር ካህኑን ፈልጎ ማምጣት ችግር ሆኖ፣ የክርስትና እናቷ በዚህም ተቀይማለች። የኅዳር በሽታ ሲገባ ደግሞ ጡት ከጣለች ጥቂት ወር ሆኗት ነበር፤ ጡት ጥላ ባይሆን ኖሮ በሽታው ከእናቷ ይጋባባት ነበር እየተባለ ሲወራ ሰምተዋል።

ዓመተ ምሕረት የማያውቁት እትዬ በአንድ ስኒ ቡና ይህን ሁሉ አወጡ!

ሒሳቡን ቤቴ ተቀምጬ ሠራሁት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ነው፤ ወንድ በ40። ከግንቦት 1 ወደ ኋላ፣ የልደቷን ዕለት አንድ ብለን፣ 80 ብንቆጥር የካቲት 12 ላይ እንወድቃለን። ሚካኤል! የክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ነበር። (የካቲት 12 በኋላ ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ ትርጉም ያዘ፤ በ1929 ግራዚያኒ ከተማውን ያስጨፈጨፈበት ዕለት ሆነ። አያቴ ሚካኤልን የምትዘክረው ዝም ብላ ነበር፤ ልደቷ መሆኑንም አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም።)

ቀንና ወር ተገኘ፣ ዓመት ቀረ። እዚህ ላይ የዳዊቱ ነገር መጣ።

ቡልጋ፣ የአባቶቻችን ቀዬ፣ የቤተሰቡ ዳዊት አለ፤ ብራና፣ ማኅደሩ ያለቀ፣ ጠርዙ በአውራ ጣት ወዝ የጠቆረ። ድሮ ፊደል የቆጠረ ሰው ቤት የቤተሰቡ መዝገብ ይኸው ነው፤ ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ ልደት ይጻፋል፣ ሞት ይጻፋል፣ ብድር ይጻፋል። የአጎቴ ልጅ ገጾቹን በስልኩ አንሥቶ ላከልኝ። አጉልቼ ፈለግኩ። የአያቴ ስም የለም። ቅድመ አያቴ በቀጭን ብዕር፣ በጥንቃቄ የጻፈው አንድ ቀይ በሬ መግዛቱን ነው። ከየትኛው ገበያ፣ በስንት ብር፣ ዋሱ ማን እንደሆነ፣ በመጨረሻም «በወርኃ የካቲት በዘመነ ዮሐንስ» ይላል። ልጅቷ አልተጻፈችም። ልጅ ዋስ አያስፈልጋትም።

ተናድጄ ለእትዬ ስልክ ደወልኩ። «እሱ ነው!» አሉ፣ «እናቴንና ቀዩን በሬ በአንድ ሳምንት ነው ያገኘናቸው ይሉ ነበር። በሬው ሲታረድም አልቅሳለታለች፤ እኩያዋ ነዋ።»

እነሆ አያቴ በበሬ በኩል መዝገብ ገባች። አሁን ዘመነ ዮሐንስ የትኛው ነው? አራቱ ወንጌላውያን በየተራ ስለሚመጡ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ወደ የኔታ ሄድኩ፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ፣ ቁጥሩን የሚሠሩት በጣታቸው አንጓ ነው። «ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፣ ለአራት ግደፍ፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ» አሉኝ። በአካባቢው ያሉት ዮሐንሶች 1904፣ 1908 እና 1912 ሆኑ። የኅዳር በሽታን ካነሣን 1912 ያኔውኑ ይወድቃል፤ ገና ያልተወለደ ጡት አይጥልም። 1904ም አጠራጣሪ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ጥጃ ትጠብቃለች እንጂ ጡት አትጥልም። ቢሆንም ትዝታ ነውና፣ የሦስት ዓመት ልጅና የስድስት ዓመት ልጅ በወሬ ይምታታሉ፤ እርግጡን ፈለግኩ።

የኔታ ቅቤውን ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ መሳቃቸውን ትተው ጣታቸውን አነሡ።

«በ1904 ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 4 ነው። በ1912 የካቲት 8። የካቲት 12 በሁለቱም ጾም ነው። አራሷን ተዋት፤ ሌላው ሰው ቅቤ የነካው ገንፎ ፊት አይቀመጥም፣ አማትም አስቀድሳ መጥታ ‹ቅቤው በዛ› አትልም፤ ‹ጾም አይደለም ወይ!› ነው የምትል።» ትንሽ ቆዩ። «በ1908 ነነዌ የካቲት 6 ገባ፣ በ8 ወጣ። ዐቢይ ጾም የካቲት 20። የካቲት 12 መካከል ላይ ነች። ቅቤ ይበላል።»

ዕለቱን ደግሞ አስከተሉ። ለ1908 ዓመተ ዓለሙ 7408 ነው፤ አራተኛው እጁ 1852፤ ሲደመር 9260፤ ለሰባት ሲገደፍ ስድስት ይተርፋል። አንድ ከማክሰኞ ስለሚጀምር ስድስት እሑድ ነው፤ መስከረም 1 እሑድ ዋለ። ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 12 ያለው 161 ቀን ነው፣ ልክ 23 ሳምንት፤ ስለዚህ የካቲት 12 ምንጊዜም መስከረም 1 በዋለበት ዕለት ይውላል። እሑድ! በ1904 ቢሆን ማክሰኞ፣ በ1912 ቢሆን ዓርብ ነበር። አማቲቱ በእርግጥም አስቀድሰው ነው የመጡት።

ይህ በቅዱስ ድሜጥሮስ ስም የምንጠራው ቀመር የተሠራው ጾምና ፋሲካ እንዳይፋለስብን ነበር። አንዲት የቡልጋ አማት ንፉግ መሆናቸውንም ያረጋግጣል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ደወልኩ። «የካቲት 12 ቀን 1908፣ እሑድ፣ ጠዋት» አልኳት። በስልኳ ገልብጣ ፌብሩዋሪ 20፣ 1916 አለችኝ፤ ልክ ነው። ሣጥኑ አረንጓዴ ሆነ። ወዲያው ወደ ቅድመ አያታችን ልታልፍ ስትል ግን አቆምኳት፤ ከ1892 ዓ.ም. በፊት የተወለደን ሰው ወደ ፈረንጅ ቀን ስትገለብጡ ተጠንቀቁ። ፈረንጆቹ 1900ን ሠግር ሳያደርጉት ስለዘለሉት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷል። ከዚያ በፊት መስከረም 1 በተራ ዓመት የሚውለው ሴፕቴምበር 10 ነበር። አድዋ ድል የሆነው በፈረንጅ ማርች 1 ሆኖ እኛ ዛሬ ማርች 2 የምናከብረው ስለዚህ ነው።

ትልልቅ ሰዎችም ተሳስተውበታል። ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ተወለዱ፤ መጻሕፍቱ ኦገስት 17፣ 1844 ይላሉ፣ ትክክል ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ ዓለም ሁሉ የሚጽፈው ጁላይ 23፣ 1892 ነው። በዘመኑ ልክ ብትቆጥሩት ግን 22 ይመጣል፣ ዓርብ። አንድ ሰው የኋለኛውን ዘመን ልዩነት ለፊተኛው ዘመን ተጠቅሞ ገለበጠ፣ ሌላው ቀዳ። ንጉሠ ነገሥት ሆኖም በመዝገብ አንድ ቀን መጥፋት አለ ማለት ነው፤ ከዚህ አንፃር አያቴ በቅቤ ምስክርነት የተሻለ ተይዛለች ባይ ነኝ።

የቤተሰቡ ጉባኤ ሐውልቱን እናስተካክል ወይ በሚለው ላይ ተወያየ። 1915ን ወደ 1908 ለመለወጥ አምስቱ ስምንት ይሆናል፣ አንዱ ዜሮ፤ ጠራቢው ሊሠራው ይችላል። ወጣቶቹ ገንዘብ ሊያዋጡ ተስማምተው ነበር። እትዬ እንቢ አሉ። «እናቴ ሰባት ዓመት ቀንሰውላት ተቀበረች፣ እናንተ ልትመልሱባት ነው?» ብለው ዘጉት። ድንጋዩ ባለበት ቀረ፤ ኮምፒውተሩ ታረመ።

ወደ ቅድመ አያቴ ልደት ለመሻገር ሞክሬ አልገፋሁበትም። የእሱ ምስክር በአድዋ ዘመቻ ጢም አልነበረውም የሚለው ብቻ ነው፤ ወንዶቹ ስለ እሱ ያወሩት ጀግንነቱን ነው፣ በጀግንነት ላይ ቀን አይጻፍም። ከማን ጋር ተጣልቶ እንደነበር የሚነግረኝ ሰው ካገኘሁ እቀጥላለሁ።

እናንተም ቤታችሁ አረጋዊ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ቡና አፍሉላቸው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያስፈራቸዋል፣ አለዚያም ለእናንተ ደስታ ሲሉ የሆነ ቁጥር ይጥሉላችኋል። ምን እንደተበላ፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ማን እንደተቀየመ፣ በሬው መቼ እንደተገዛ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይ ቅረጹት። ስታበቁም የቀረጻችሁበትን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩበት፤ በ2100 የሚያዳምጠው ልጅ ደግሞ የኔታን ፍለጋ እንዳይንከራተት።